በአማርኛ ጠይቀን በእንግሊዝኛ መለስን



በቅርቡ አንድ የሕፃናት ሆስፒታል «ዓመታዊ የምርምር ቀን» የሚለውን በዓል አክብሮ ነበርና እኔም ተጋብዤ ሄጄ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገሩ የአንድ ቤት ገመና ይመስልና የቀሩት ሁሉ «እኛን አይመለከትም» ብለው እፎይ ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቀን የሚያከብር ቤት ሁሉ ይመለከተዋል እላለሁ።

ቀኑስ ያማረ ነበር፤ አይካድም። ልዩ ሙያ የሚማሩት ሐኪሞች፣ ሬዚደንት የምንላቸው፣ ክራባታቸውን አሥረው በየተራ ወደ መድረክ እየወጡ ዓመቱን ሙሉ የለፉበትን ጥናት አሰሙ። ለአንዱ ተናጋሪ 10 ደቂቃ፣ ለጥያቄ 5 ደቂቃ ነው። ሰዓት ጠባቂው እንደ እግር ኳስ ዳኛ ቀይ ካርድ ይዞ ከፊት ተቀምጧል። በመካከሉ ቡናና ኬክ ቀረበ። በመጨረሻ ለአንደኛው ዋንጫ፣ ለቀሩት የምስክር ወረቀት ተሰጠና ፎቶግራፍ ተነሥተን ተበተንን። ከጧት እስከ ማታ፣ «እንኳን ደኅና መጣችሁ» ከምትለዋ በቀር፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር አማርኛ ከጆሮዬ አልገባችም።

«ታዲያ ይህ ምን ይደንቃል? የሳይንስ ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለምን?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። እኔንም ባልደነቀኝ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን ከቀረቡት ጥናቶች የአንዱን መጠይቅ ቤት ለቤት ዞረው ከሞሉት አንዱ እኔ ነበርሁ።

እኔ የአዲስ ከተማ ልጅ ነኝ። ሰባተኛ አካባቢ ተወልጄ፣ በመርካቶ መተላለፊያ ኳስ ስጫወት አድጌ፣ ሁለተኛ ደረጃንም እዚያው ጨርሻለሁ። ክረምት ላይ አንድ ሠልጣኝ ሐኪም «ሰፈሩን የሚያውቅ ተማሪ እፈልጋለሁ» ማለቱን ሰምቼ ቀረብሁ። ጥናቱ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ሳልና ሳንባ ምች ላይ ነበር። ክፍያው በተሞላ ቅጽ ልክ ነው። ለተማሪ ኪስ መልካም ነበር፤ አልዋሽም።

መርካቶን በዝና ብቻ የሚያውቅ ሰው ገበያ እንጂ ሰፈር አይመስለውም። ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲወስደው «የአገሬው ገበያ» ብሎት ነበር፤ «መርካቶ» የምንለውም ያንኑ የጣልያንኛ ቃል ነው። ከምናለሽ ተራ ጀርባ፣ ከሸራ ተራ ጎን፣ ከአውቶቡስ ተራ ማዶ ግን ሰው ይወለዳል፤ ሰው ያድጋል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈበት፣ ከላይ ላስቲክ የተወጠረበት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ሞልቷል። በምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቀጥ ከጀርባው ሕፃን ይተኛል። እንዲህ ባለው መተላለፊያ ቅጼን አቅፌ ስዞር ነው እኒያን ሴት ያገኘኋቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። በቅጹም ላይ አልጻፍሁትም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሰጠኋቸው። እንቁላል ይቸረችራሉ። የ7 ወር ልጃቸውን በአንቀልባ አዝለው፣ በነጠላ ከራሱ እስከ እግሩ ሸፍነውት፣ እርሳቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እትዬ፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ» አልሁ።

«ጠይቅ ልጄ፤ ገበያውም እንደምታየው ቀዝቅዟል» አሉ።

የስምምነቱን ቃል አነበብሁላቸው። ጥናቱ ለእርሳቸው ቀጥተኛ ጥቅም ባይኖረውም ውጤቱ ለወደፊቱ የሕፃናትን ጤና ለማሻሻል ይረዳል ይላል። በጣታቸው ፈረሙ። ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር፣ በከሰል ወይስ በኤሌክትሪክ እንደሚያበስሉ፣ ልጁ ክትባቱን ጨርሶ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ መለሱ። ከዚያ «ከዚህ በፊት ከ5 ዓመት በታች የሞተብዎ ልጅ አለ?» ከሚለው ደረስን። ዝም አሉ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አዟዟሩ። ኋላ «አዎን፤ የመጀመሪያው። በሳል» አሉ። በሣጥኑ ውስጥ «1» ብዬ ጻፍሁ፤ መመሪያው እንደዚያ ነውና።

«ምን ብለህ ጻፍህ?» አሉኝ።

«አንድ ብዬ።»

«ምን እንደገደለው ይህ ወረቀት ያውቃል?»

«ጥናቱ ሲያልቅ ይታወቃል።»

«ስታውቁት ትነግሩኛላችሁ?»

«እንነግርዎታለን» አልሁ።

አልነገርኋቸውም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ማንንም ከመክሰሴ በፊት ራሴን ከስሻለሁ።

በምርምሩ ቀን ያን «1» በሸራው ላይ አየሁት። ከሌሎች «1»ዎች ጋር ተደምሮ ሰማያዊ ዓምድ ሆኗል። ተናጋሪው በደንብ አስረዳ፤ ጥናቱ ደካማ ነው የሚል ክስ የለኝም። ከመምህራኑ አንዱ ስለ ናሙናው ብዛት ጠየቁ። ሌላው ስለ ስሌቱ ጠየቁ፤ ክርክሩም ጠንካራ ነበር። «ውጤቱን ለእናቶቹ ነገራችሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን ከዚያ ሁሉ ምሁር አንድም አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የቡናው ሰዓት ደርሶ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክቡራን መምህራን! የሥራውን አካሄድ ልብ በሉልኝ። መጠይቁ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጻፈ። እናቲቱ እንድትረዳው ወደ አማርኛ ተተረጐመ። ትርጉሙ እንዳልተዛባ ለማረጋገጥ ሌላ ሰው ተፈልጎ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ይህም በጥናቱ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ተቈጥሮ ተጠቅሷል፤ በእርግጥም ጥንቃቄ ነው። እንግዲያው ከእናቲቱ ለመውሰድ ስንፈልግ አማርኛ ይቻላል፤ ተርጓሚም ይገኛል፤ ገንዘብም ይመደባል። ለእርስዋ የምንሰጥበት ቀን ሲደርስ ግን አማርኛ ለሳይንስ አይበቃም ይባላል። ይህ ከቶ የቋንቋ ነገር አይደለም። የባለርስትና የጭሰኛ ሒሳብ ነው፤ ጭሰኛው እህሉን ያስገባል፣ የጎተራውን ቁልፍ ግን ሌላ ሰው ይይዘዋል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ ተማሪ ከእኛ በፊት ነበር። እኛ ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር የዕውቀት ጭሰኛ እያበዛን ነው።

«ምን የሚነገር ነገር አለና?» ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ፤ ያውም ሩቅ ሳልሄድ። በዚሁ በአዲስ አበባ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል፣ ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሎንዶን የሕክምና መጽሔት ታትሟል። በሳንባ ምች የታመሙ 500 ሕፃናትን ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ ከታመሙት በ210ሩ ላይ ተገኘ፤ ካልታመሙት በ20ዎቹ ብቻ። ከመቶ 42 እና ከመቶ 4 ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በየቀኑ የሚገኝ አይደለም። አገራችን ለዓለም ሕክምና ካበረከተቻቸው ግኝቶች መካከል ይቈጠራል ብዬ እኮራበታለሁ።

የነገሩ ምሥጢር ቀላል ነው። ገላችን ቫይታሚን ዲ የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚሠራው የፀሐይ ብርሃን ቆዳችንን ሲነካው ነው። የእናት ጡት ወተት ከዚህ ንጥረ ነገር የሚይዘው ጥቂት ነው። ሕፃኑ ፀሐይ ካላገኘ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ቆሞ ለመሄድ ይዘገያል፤ እግሩ ይወለገዳል። የጎድን አጥንቱም ስለሚለሰልስ ደረቱ በደንብ ለመተንፈስና አክታን በሳል ለማስወጣት አቅም ያጣል። ለጤነኛ ልጅ ጉንፋን የሆነው ነገር ለዚህ ልጅ የሞት መንገድ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የ13 ወር ፀሐይ አለን እያልን ለቱሪስት ስንሸጥ በኖርንባት አገር ነው!

አሁን ወደ እኒያ ሴት እንመለስ። እርሳቸው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ናቸው። ልጁ ከነጠላው ሥር ነው። ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው ብለው ነው። ክፉ እናት ሆነው አይደለም፤ እናታቸው እንደዚያ አሳደገቻቸው፤ የእኔም እናት እኔን እንደዚያው ነው ያሳደገችኝ። ቋንቋችንም እዚህ ላይ መራራ ቀልድ ይቀልዳል። ምችን ፈርታ የሸፈነችው ልጅ ሳንባ ምች ይገድለዋል። ይህችን ነገር ከዚያ አዳራሽ የተናገራት ሰው አልነበረም፤ ሊናገራትም አይችልም፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ስሞች ዝምድና የላቸውምና። በመርካቶ ጉሊት ግን አንድ ሐኪም ቆሞ ቢናገራት ሰባኪም ካድሬም ሳያስፈልጋት ከሸማ ተራ እስከ በርበሬ ተራ በአንድ ቀን ትደርስ ነበር።

«በጤና ጣቢያ ይነገራቸዋል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ «ልጅሽን ፀሐይ አሙቂ» የሚሉ ነርሶች አሉ፤ ምስጋና ይድረሳቸው። ሥራ አልተሠራም አልልም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 67 ደርሷል። ነገር ግን «አሙቂ» የምትለዋን ቃል ተመልከቱ። ሰምታ ወደ ቤትዋ የገባች እናት ነገሩ ሙቀት ይመስላታል። ስለዚህ ልጁን ከነልብሱ ታወጣዋለች፤ መስታወት ያለው መስኮት ያላት ደግሞ ነፋስ እንዳይነካው ከመስታወቱ ወዲህ ታስቀምጠዋለች። ሕፃኑ ሞቀው፤ ግን ምንም አላገኘም! የሚፈለገው ብርሃን በመስታወት አያልፍም፤ በልብስም አያልፍም። ከሙቀቱ ይልቅ የብርሃኑ ቆዳን መንካት ነው ቁም ነገሩ። ምክሩ ከምክንያቱ ተለይቶ ስለተሰጠ እናቲቱ በቅንነት ተሳሳተች። ምክንያቱን የሚያውቁት ደግሞ አዳራሽ ውስጥ እርስ በርሳቸው እያስረዱ ነው።

«አይገባቸውም» የሚል ሁለተኛ ተቃዋሚ አለ። ይህ ሰው መርካቶ ሄዶ እንቁላል አንድ ጊዜ ቢገዛ ጥሩ ነበር። እንቁላል የሚቸረችር ሰው መቶኛን ከእኛ የስታቲስቲክስ ክፍል በፊት ያውቃል። ከ100 እንቁላል 4 ቢሰበር ገበያ ነው፤ 42 ቢሰበር ያመጣው ሰው ይጠየቃል። በእቁብ ስንት ጥሎ፣ በስንተኛው ዕጣ ቢወጣ፣ ከዚያ ውስጥ ለዕቃ ስንት፣ ለቤት ኪራይ ስንት እንደሚደርስ በቃሉ የሚያሰላ ሕዝብ «210 ከ500» አይገባውም ማለት ስድብ ነው። ስለ ጥርጣሬስ ቢሆን? «የአንድ ሠልጣኝ ጥናት ትንሽ ነው፤ ሊሳሳት ይችላል፤ ለሕዝብ ለመንገር አያስደፍርም» ይባላል። መልካም፤ እንደዚያው ብላችሁ ንገሩ። እኒያ ሴት እንቁላሉን ወደ ብርሃን አንሥተው አይተው «ይህ ያጠራጥራል፣ ይህ ደኅና ነው» ብለው ይለያሉ። የሚያጠራጥርን ነገር የሚያጠራጥር ነው ብሎ መቀበል የሚያቅታቸው አይደሉም።

ሠልጣኞቹን በዚህ ሁሉ መውቀስ አልፈልግም። ሌሊቱን ተረኛ አድረው፣ ጧት በሽተኛ ዞረው፣ በተረፈችው ሰዓት ነው ጥናት የሚሠሩት። አንዱ ወዳጄ በስላይዱ ላይ እንቅልፍ እየጣለው ቁጥር ሲደምር አይቼዋለሁ። ወቀሳዬ ወደ ላይ ነው። ማርክ የሚሰጡት መምህራን ናቸው። ለስሌቱ ማርክ አለ፤ ለእንግሊዝኛው አቀራረብ ማርክ አለ፤ በውጭ መጽሔት ለሚታተም ጽሑፍ ዕድገት አለ። ውጤቱን ለሰጪዎቹ ለመመለስ ግን ግማሽ ማርክ እንኳ የለም። ማርክ የሌለውን ነገር ተማሪ ይሠራል ብላችሁ ትጠብቃላችሁን? እኛ እናውቃለን፤ አንሠራም።

ድሮ እንዲህ ብቻ አልነበረም። በእኛ አቈጣጠር በ1950ዎቹ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ምግብ ክፍል የሚባል ነበረ፤ ኋላ የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ተቋም የሆነው። ያ ክፍል የሕፃናትን መክሳት ካጠና በኋላ ጥናቱን በመደርደሪያ አልደረደረም። ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የሕፃን ምግብ ቀመመና «ፋፋ» ብሎ ሰየመው። ስሙን ተመልከቱ! በላቲን አይደለም፤ በፈረንጅ ፕሮፌሰርም አልተሰየመም። አንዲት አያት የልጅ ልጅዋን አቅፋ «ፋፋልኝ» የምትልበት ቃል ነው። ምርምሩ በፓኬት ሆኖ ወደ መርካቶ ሱቅ ወረደ፤ እናት «አንድ ፋፋ ስጠኝ» ብላ ስትጠይቅ የአንድ ላቦራቶሪ ውጤት እየጠየቀች መሆንዋን ማንም አላስረዳትም፤ ማስረዳትም አላስፈለገም። ዋንጫ የሚገባው እንደዚህ ላለው ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ የቂርቆስ ጥናት አለ። ሌናርት ፍሬይና ስቲግ ዎል የተባሉ ስዊድናውያን የቂርቆስን ሰፈር ሕፃናት ሕመምና አኗኗር አጥንተው ፈረንጆች 1977 በሚሉት ዓመት በስዊድን የሕፃናት ሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ትልቅ ሥራ ነው ይባልለታል፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን አንድ የቂርቆስ ልጅ ስለ እናቱና ስለ አያቱ ሰፈር ሊያነብ ቢፈልግ ፊቱን ወደ ስቶክሆልም ማዞሩ ምን ይባላል? በየዓመቱ የምርምር ቀን ስናከብር የምናመርተው ከሁለቱ የትኛውን ነው፤ ፋፋን ወይስ ቂርቆስን?

ሌላም ምሳሌ ልጨምርና ልለፍ። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወረደ» ይባልና እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል። የጉሮሮ ሕመም ከባክቴሪያ የመጣ ሲሆን በፔኒሲሊን ይድናል፤ ሳይታከም ሲቀር ግን በአንዳንዱ ልጅ ላይ ወደ ልብ በሽታ ይዞራል። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማእከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቶ ስንቱን ልጅ አድኗል፤ ሆኖም በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል። በአንድ በኩል የሚቆረጠው እንጥል፣ በሌላ በኩል የሚቀደደው ደረት! በመካከላቸው የጎደለው በጊዜ የተወጋ መርፌና በሚገባ ቋንቋ የተነገረ ቃል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሚመጣው ዓመት የምርምሩ ቀን ግማሹ በአዳራሹ ይዋል፤ ግማሹ ወደ አዲስ ከተማ ይውረድ። መጠይቁ ከተሞላበት ሰፈር የወረዳው አዳራሽ ይበቃል፤ እሱም ካልተገኘ አንድ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አይጠፋም። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ጥናቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ይጻፍ፤ በጉራጌኛ፣ በስልጥኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳ ተማሪ ከእኛ መካከል ሞልቷል። መምህራንም ለዚያች ገጽ ማርክ ይስጡ። ከዚያ እናቶቹ ይጠይቁ። ሰዓት ጠባቂው ቀይ ካርዱን እቤቱ ይተወው። አንዲት እናት ተነሥታ «ልጄን ልብሱን አውልቄ ላውጣው እንበል፤ በእኛ መተላለፊያ ፀሐይ የት አለና?» ብትል ለሐኪሙ ከማንኛውም የናሙና ጥያቄ የከበደ ጥያቄ ጠየቀችው ማለት ነው፤ መልሱም ከሆስፒታል ውጪ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤትና ከቤቶች አሠራር ዘንድ ነው ያለው። ምናልባት የሚቀጥለው ዓመት ጥናት ከዚያ ይጀምር ይሆናል። ዋንጫውንም፣ ብትስማሙ፣ እነርሱ ይስጡ።

እኔ በበኩሌ ጀምሬአለሁ። ቅጹን የሞላሁበትን ጥናት ውጤት በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፌ፣ ይህ ጋዜጣ በሚባዛበት መሣሪያ ለማባዛት ስቴንስሉን አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለማን እንደምወስደው አንባቢ ያውቃል። ነገር ግን ወደሚመለከተው ክፍል ሄጄ ብጠይቅ ገጹን ለማውጣት የጥናቱ ባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልሁ። እኔም ቶሎ ብዬ «መልካም፤ ዛሬውኑ መርካቶ ሄጄ አስፈቅዳለሁ» አልኋቸው። አልገባቸውም። ባለቤት ያሉት ሐኪሙን ኖሯል።